ለተክል መብራት ርካሽ አንጸባራቂ፦ ከላይ የሚደፋው ወይስ ከጎን የሚቆመው?

ቤት ውስጥ በመብራት ችግኝ የሚያሳድግ ሰው አንድ ቀን ይህን ማየቱ አይቀርም። ትሪው መሃል ያሉት ሰላጣዎች አጠር ደልደል ብለው ቅጠላቸውን ዘርግተዋል። ጥግ ላይ ያሉት ግን ቀጥነው፣ ረዝመው፣ አንገታቸውን ወደ መሃል አስግገዋል። አፈሩ አንድ ነው። ውሃው አንድ ነው። የተዘሩትም በአንድ ቀን ነው። የሚለያቸው ብርሃኑ ነው። መሃል ያሉት ከየአቅጣጫው ያገኛሉ። ጥግ ያሉት ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚደርሳቸው፣ በእነሱ በኩል ያለፈውን ደግሞ ጥቁር መጋረጃ ወይም ቡናማ ቁምሳጥን ውጦ ያስቀረዋል።

እኔ ይሄ ሲገጥመኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ከላይ የሚደፋ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ቆብ መግዛት ነበር። ገዛሁም። መብራቴ ግን ጠፍጣፋ የኤልኢዲ ሰሌዳ ነው። ቆቡን ከላዩ ሰቅዬ ጥጉ ላይ በስልኬ ብለካ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ከዕቃ ካርቶን ውስጥ የወጣ ነጭ ፎም በቢላ ቆርጬ በትሪው ጎን አቆምኩት፣ ከጠርዙ አንድ ጣት እንኳ ሳይርቅ። ስልኩን እዚያው ጥግ ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ቁጥሩ ወዲያው ወጣ። ገንዘብ ያወጣሁበት ምንም አልጠቀመኝም፣ ሊጣል የነበረው ፎም ግን ሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም አንጸባራቂ ልግዛ ሲለኝ ስለ አንጸባራቂው ከማውራቴ በፊት መብራትህ ምን ዓይነት ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ያላችሁን መብራት እዩ

አንጸባራቂ አዲስ ብርሃን አይፈጥርም። አምፖሉ ሰጥቶ ያለቦታው የሄደውን ወደ ቅጠሉ ይመልሳል፣ በቃ። ስለዚህ መብራታችሁ ብርሃኑን ወዴት እንደሚያፈሰው ሳታውቁ የትኛው እንደሚሻል መምረጥ አይቻልም።

ጠመዝማዛው ቆጣቢ አምፖል ራቁቱን ሲንጠለጠል ብርሃኑን ወደ ሁሉም ወገን ይረጫል። ረጅሙ የፍሎረሰንት ቱቦም እንደዚያው ዙሪያውን ያበራል፣ ከብርሃኑ ግማሽ ያህሉ ወደ ላይ ይሄዳል ማለት ነው። በትልልቅ የቤት ውስጥ እርሻዎች የሚታየው ባለ ከፍተኛ ግፊት የሶዲየም አምፖልም እንዲሁ ነው፣ በዚያ ላይ በጣም ይግላል። ለእነዚህ ለሦስቱ ከላይ የሚሆን አንጸባራቂ ቅንጦት አይደለም። ያለ እሱ የመብራት ሂሳብ የምትከፍሉት ኮርኒሱን ለማብራት ነው።

የኤልኢዲ ሰሌዳ ሌላ ነው። ትንንሾቹ የኤልኢዲ ቅንጣቶች ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተለጥፈው ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያበሩት፣ ብዙውን ጊዜ 120 ዲግሪ በሚሆን ስፋት። ወደ ኋላ የሚያመልጥ ብርሃን የለም። ስለዚህ ከላዩ ቆብ ብትደፉበት የሚመልሰው ነገር አያገኝም። የዚህ መብራት ብክነት በጎን በኩል ነው፣ መድኃኒቱም በጎን ነው።

በእነዚህ በሁለቱ መሃል የሚገኘው፣ ፖርታላምፓዳ ውስጥ በክር የሚገባው ተራ የኤልኢዲ አምፖል ነው። ነጩ ጉልላቱ ወደ ፊትና ወደ ጎን ያበራል፣ ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቂት ነው። ለዚህ ትንሽ ቆብ በደንብ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ወደ ጎን የሚሄደውን ሰብስቦ ወደ ታች ያወርደዋል።

ከላይ የሚደፉት

በዋጋ ዝቅተኛው በቆንጣጭ የሚያዘው የአሉሚኒየም ቆብ ነው። ጎድጓዳ ሳህን ይመስላል፣ ከኋላው ፖርታላምፓዳ አለው፣ መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ቆንጥጦ ይይዛል። ሁለት ሦስት ማሰሮ ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የሚሻል አላውቅም። አምፖሉን ማቅረብ፣ ማራቅ፣ ማዘንበል ይቻላል። ስትገዙ ሰፊውን ምረጡ። ጠባቡ ቆብ ብርሃኑን አንድ ቦታ ያከማቸዋል፣ አምፖሉንም አፍኖ ያግለዋል። የኤልኢዲ አምፖል ሙቀቱን የሚያስወጣው በአንገቱ በኩል ስለሆነ አንገቱ ዙሪያ አየር ካላገኘ ዕድሜው ያጥራል። ከቆቡ አናት አካባቢ ትንንሽ ቀዳዳ ያለው ከሆነ በጣም ጥሩ። ቆንጣጩ ደግሞ ጠንካራ መሆኑን እዚያው ሞክሩት። ደካማ ከሆነ ሌሊት ተንሸራትቶ ችግኙ ላይ ይወድቃል፣ እኔ ጋ ወድቆ ያውቃል። አሁን ቆንጣጩ ላይ ብቻ አልተማመንም፣ በሽቦም አስረዋለሁ።

ለቱቦ የሚሆነው በላሜራ የተሠራ ረጅም ቦይ መሰል አንጸባራቂ ነው። እዚህ ላይ ቅርጹን ልብ በሉ። ከቱቦው ጀርባ ጠፍጣፋ የሆነው ብርሃኑን መልሶ ቱቦው ላይ ይጥለዋል፣ ቱቦው ደግሞ የተመለሰበትን ብርሃን በከፊል ይውጠዋል። ከየቱቦው ጀርባ መሃሉ ላይ ወደ ቱቦው ሹል ብሎ የታጠፈው ግን ብርሃኑን በቱቦው ግራና ቀኝ አሳልፎ ያወርደዋል። ቀጭኑ ቲ5 ቱቦ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወፍራሙ ቲ8 26 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጭኑ ጎን ብርሃን የሚያልፍበት ክፍተት ስለሚሰፋ ጥሩ የታጠፈ አንጸባራቂ ይበልጥ የሚጠቅመው ለቲ5 ነው። አንድ ነገር ግን አለ። የቱቦው ማቀፊያ ጀርባው ቀድሞውኑ ነጭ ከተቀባ ተጨማሪ ላሜራ ገዝታችሁ የምታገኙት ልዩነት ትንሽ ነው። መጀመሪያ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ነጩ ወደ ቢጫ ከሄደ ደግሞ አንድ ጊዜ በነጭ ቀለም ቀቡት።

የወፍ ክንፍ የሚመስለው ክፍት አንጸባራቂና ዙሪያውን ተዘግቶ ከሥሩ መስታወት ያለው ሁለቱም ለሶዲየም አምፖል የተሠሩ ናቸው። ክንፉ ርካሽ ነው፣ ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ ይበትናል፣ ሙቀቱም በግራና ቀኝ ይወጣል። የተዘጋው ውድና ከባድ ነው። ሙቀቱን በፋንና በቧንቧ ማውጣት ስለሚያስችል ጠባብ ክፍል ላለው ይጠቅማል። ነገር ግን ተራ መስታወት በሁለቱ ገጾቹ ብቻ 8 በመቶ ያህል ብርሃን ያስቀራል፣ አቧራ ሲይዝ ደግሞ ከዚያም በላይ። እንዲህ ዓይነት ትልቅ አምፖል ከሌላችሁ ሁለቱንም እርሷቸው። ለቤት ሰላጣ ብሎ የሶዲየም አምፖል የሚገዛ ሰው ካለ ያንኑ ገንዘብ ጥሩ ኤልኢዲ ላይ ቢያውል ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ጃንጥላ የሚመስል ትልቅ ነጭ አንጸባራቂም አለ። አምፖሉ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይንጠለጠልበታል። ብርሃኑን በጣም ስለሚያሰፋ ሰፊ ቦታ ላይ የተበተኑ ትልልቅ ተክሎች ላሉት ሰው ነው። ትንሽ ትሪ ላይ ከሰቀላችሁት አብዛኛው ብርሃን ወለሉ ላይ ይቀራል።

ከጎን የሚቆሙት፣ ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው

ትንሽ ቦታ ላይ የሚያሳድግ ሰው ከትልቁ ይልቅ በጎን በኩል ብዙ ብርሃን ይከስራል። 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ዙሪያው 240 ሴንቲ ሜትር ነው። 120 በ120 የሆነው ዙሪያው 480 ነው። ዙሪያው እጥፍ ሆነ፣ ስፋቱ ግን አራት እጥፍ ሆነ። እንግዲህ ትንሹ ትሪ ለየአንዳንዱ ተክል ሁለት እጥፍ ጠርዝ አለው ማለት ነው። ብርሃን የሚያመልጠው ደግሞ በጠርዝ ነው። የጎን አንጸባራቂ ለባለ ትልቅ እርሻ እንጂ ለኔ ቢጤ ምን ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል።

ነጭ የማያብረቀርቅ ቀለም። ጥሩ ነጭ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይመልሳል። ሁለት እጅ መቀባት ያስፈልጋል፣ አንድ እጅ ብቻ ከሆነ የሥሩ ቀለም ይታያል፣ የሚታየው ደግሞ ብርሃን የሚውጠው ነው። ንጹሕ ነጭ ግዙ። ትንሽ ክሬም የገባበት "ነጭ" ለዓይን ያምራል፣ ለተክል ግን ይቀንሳል። ቀለም አይቀደድም፣ አይጨማደድም፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል፣ ካረጀም ይደገማል። ጉድለቱ አንድ ነው፣ ግድግዳው ያለበት ቦታ ይቀራል። ትሪው ከግድግዳው አንድ ክንድ ከራቀ የተቀባው ግድግዳ ብዙም አይረዳም፣ ወደ ትሪው ማስጠጋት አይቻልማ። የተከራዩት ቤት ከሆነ ደግሞ ግድግዳ መቀባቱ ራሱ አከራይ ማስፈቀድ ይፈልጋል።

ነጭ የፎም ሰሌዳ። የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ከ75 እስከ 85 በመቶ ይመልሳል፣ ከጥሩ ቀለም ትንሽ ያንሳል። ይሁን እንጂ በቢላ ይቆረጣል፣ ራሱን ችሎ ይቆማል፣ ቀላል ነው፣ ተክሉ ሲያድግና ትሪው ሲቀየር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ለማጠጣት አንዱን ጎን አንስቶ መመለስ ሁለት ሰከንድ ነው። ጉድለቱ እሳት ነው። ፎም በቀላሉ ይቀልጣል፣ ይነዳልም። ከሚግል አምፖል አጠገብ በፍጹም አታቁሙት። ከኤልኢዲ ሰሌዳ ጋር ግን፣ ሳይነካካ፣ ጥሩ ጓደኛው ነው።

ማይላር። ይህ አሉሚኒየም በስሱ የተለበጠበት የፖሊስተር ላስቲክ ነው። ንጹሕና የተወጠረ ሲሆን ከ90 በመቶ በላይ ይመልሳል። በውፍረት ይለያያል፣ የተለመዱት 25 እና 50 ማይክሮን ናቸው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው)። 50ውን ምረጡ። ቀጭኑ በጥፍር ይቀደዳል፣ ሲለጠፍም ይጨማደዳል። ማይላር ከነጭ የሚለይበት ትልቁ ነገር ብርሃኑን እንደ መስታወት በመጣበት ማዕዘን መመለሱ ነው። ከላይ ወደ ታች በሰያፍ የመጣ ብርሃን የቆመ ማይላር ሲመታ ጉዞውን ወደ ታች ይቀጥላል። ነጭ ቀለም ግን ያንኑ ብርሃን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትነዋል፣ ግማሽ ያህሉም ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ ረጅምና ጠባብ ሳጥን ውስጥ ማይላር ጎልቶ ያሸንፋል። መብራቱ ለተክሉ ቅርብ በሆነበት ዝቅተኛ መደርደሪያ ግን ልዩነቱ ይጠብባል። የሚበታተነው ብርሃን ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው፣ የላይኛው ቅጠል ጥላ የጣለባቸውን የታችኞቹን በየማዕዘኑ ያገኛቸዋል።

የማይላር ችግር አያያዙ ነው። የሚጠረግበት ጨርቅ ደረቅ ከሆነ ይጫጫራል፣ ውሃ ሲረጭበት ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል፣ አየር ከኋላው ከገባ ያብጣል። ግድግዳ ላይ ጠርዙ ብቻ ሲለጠፍ ከኋላው እርጥበት ይጠራቀምና ሻጋታ ያበቅላል። እኔ ግድግዳ ላይ መለጠፉን ትቼ ካርቶን ላይ ወጥሬ በስኮች እይዘዋለሁ። እንደ ፎሙ ይቆማል፣ ሲያስፈልግ ይነሳል። ከሁለቱም መልካሙን ያገኘሁት በዚህ ነው።

ነጭና ጥቁር ላስቲክ። አንድ ወገኑ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው፣ ፓንዳ ፊልም ይሉታል። ነጩ ወደ ተክሉ ይዞራል፣ እንደ ጥራቱ ከ75 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። ጥቁሩ ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ያግዳል። መኝታ ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራ መብራት ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በስፋት ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ትልቅ ቦታ ለመጋረድ ርካሹ ይሄው ነው። አይቀደድም ማለት ይቻላል፣ ይታጠባል። ለትንሽ ትሪ ግን ራሱን ችሎ ስለማይቆም መዋቅር ይፈልጋል።

የአሉሚኒየም ፎይል። ቤት ውስጥ ስላለ ሁሉም የሚጀምረው በሱ ነው። አዲስና ዝርግ ሲሆን አሉሚኒየም መጥፎ አንጸባራቂ አይደለም። ግን ፎይልን ዝርግ አድርጎ ማቆየት አይቻልም። ከጥቅሉ ስታወጡት ይጨማደዳል፣ ስትለጥፉት ይቀደዳል፣ ብርሃኑን እዚህ ብዙ እዚያ ትንሽ አድርጎ ይጥለዋል። የሚያብለጨልጨውና የደበዘዘው ገጽ ልዩነት የሚመጣው ከአሠራሩ ነው። በመጨረሻው ዙር ሁለት ፎይል ተደርቦ ይዳመጣል፣ ሮለሩን የነካው ያብለጨልጫል፣ እርስ በርሱ የተነካካው ይደበዝዛል። ለተክላችሁ የሚያብለጨልጨው ትንሽ ይሻላል፣ እንቅልፍ የሚያሳጣ ልዩነት ግን አይደለም። የተጨማደደ ፎይል ቅጠል ያቃጥላል የሚባለው ደግሞ የተጋነነ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ፎይል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እርጥበትና ሶኬት ባለበት ቦታ ተገንጥሎ የሚንጠለጠል ፎይል አልፈልግም።

የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ። ይህ ብርማ ስስ ላስቲክ ናሳ እ.ኤ.አ. በ1964 ለጠፈር ሥራ ካዘጋጀው የመጣ ነው። በውፍረት 12 ማይክሮን ያህል ቢሆን ነው። ወደ መብራት አንሥታችሁ እዩበት፣ ከወዲያ ያለው አምፖል ይታያችኋል። ያ የሚታያችሁ ብርሃን ያልተመለሰው ነው። ነጭ ካርቶን ላይ ከለበጣችሁት ይረዳል። እንዲያው ከሰቀላችሁት ግን ፋን በነፈሰ ቁጥር እየተንኮሻኮሸ ይረብሻል፣ በጥቂት ሳምንትም ይቀዳደዳል።

የፊት መስታወት። አትግዙ። ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ገብቶ፣ ከኋላው ተመልሶ፣ እንደገና መስታወቱን አልፎ ስለሚወጣ በመንገዱ ላይ ይቀንሳል። ቤት ያለ ካለ ግን ይቁም፣ ከጥቁር መጋረጃ ይሻላል።

15 በመቶ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

80 በመቶ የሚመልስና 95 በመቶ የሚመልስ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ትንሽ ይመስላል። መልሱ ብርሃኑ ቅጠል እስኪያገኝ ስንት ጊዜ ይነጥራል በሚለው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከነጠረ 80 ለ95 ነው። ሦስት ጊዜ ከነጠረ ግን በባለ 80ው 51 በመቶ ብቻ ይቀራል፣ በባለ 95ቱ 86 በመቶ። ረጅም ጠባብ ቁምሳጥን ውስጥ፣ መብራቱ ሩቅ በሆነበት፣ ብርሃኑ ብዙ ጊዜ ይነጥራል። እዚያ ለተሻለው መክፈል ያዋጣል። መብራቱ ከተክሉ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ባለበት መደርደሪያ ግን አብዛኛው ብርሃን በቀጥታ ይወርዳል፣ የቀረውም አንዴ ነጥሮ ይገባል። እዚያ ነጭ ፎምና ማይላር በዓይን አይለዩም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ርቀት ነው። መካከለኛ አንጸባራቂ ትሪውን ተጠግቶ ቢቆም ምርጡ አንጸባራቂ አንድ ሜትር ርቆ ከሚቆመው ይበልጣል። ብርሃን በሄደ ቁጥር ይሰፋል። ከትንሽ አምፖል ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ሩብ ይሆናል። ግድግዳ ድረስ ሄዶ የሚመለስ ብርሃን ያንን መንገድ ሁለት ጊዜ ይጓዛል።

ለተክሉ ምን ያህል ያመጣል? ተክል የሚጠቀምበትን ብርሃን በማይክሮሞል፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣቶች ብዛት፣ ይለኩታል፣ አንድ ሚሊዮን ማይክሮሞል አንድ ሞል ነው። ትሪው ላይ በሰከንድ በካሬ ሜትር 200 ማይክሮሞል ካለና በቀን 16 ሰዓት ካበራችሁ የቀኑ ድምር 11.5 ሞል ገደማ ነው። ሰላጣ ከ12 እስከ 17 ሞል ቢያገኝ ደስ ይለዋል፣ ስለዚህ ትንሽ ጎደለው። አንጸባራቂው 200ውን 250 ካደረገው ድምሩ 14.4 ይሆናል። አምፖል ሳትጨምሩ፣ ሰዓት ሳትጨምሩ ሰላጣችሁ የሚፈልገውን አገኘ። ቲማቲም ግን ከ20 እስከ 30 ሞል ይፈልጋል። በደካማ መብራት ቲማቲም ለማፍራት አንጸባራቂ ላይ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያስፈልጋችሁ ሌላ መብራት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት በስልክ ለኩ

ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ብርሃን በሉክስ የሚለካ ነጻ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። በአብዛኞቹ ስልኮች ብርሃን የሚያነበው ከፊት፣ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ነው፣ ስለዚህ ስልኩን በጀርባው አስተኙት፣ ፊቱ ወደ መብራቱ ይሁን። መጀመሪያ መሃል ላይ፣ ቀጥሎ አራቱም ጥግ ላይ፣ ቅጠሉ ባለበት ከፍታ አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ። እጃችሁና ጭንቅላታችሁ ጥላ እንዳይጥሉ ራቅ በሉ። ከዚያ ነጭ ነገር በጎን አቁሙና ድገሙት፣ ያገኛችሁትን ይሁን፣ ነጭ ካርቶን፣ ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት መጽሐፍ፣ የፍሪጅ ማሸጊያ ፎም። የጥጉ ቁጥር ከፍ ካለ በጎን ገንዘብ ማውጣት ያዋጣችኋል። ካልተነሣ ብርሃናችሁ የሚጠፋው በሌላ በኩል ነውና ወደ ላይ እዩ። ኮርኒሱ ደምቆ በርቶ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ።

አንድ ጥንቃቄ። ሉክስ የተሠራው ለሰው ዓይን ነው፣ ስለዚህ ሐምራዊ የሚመስለውን ቀይና ሰማያዊ መብራት አሳንሶ ያነበዋል። አንዱን መብራት ከሌላው ጋር አታወዳድሩበት። ያው መብራት ከአንጸባራቂ በፊትና በኋላ ምን እንደሚሰጥ ለማየት ግን በደንብ ይበቃል።

ስለ እሳትና ስለ ሽቦ

ይህን ማንም ሳይዘለው እንዲያነብልኝ እፈልጋለሁ። ቆቡ ላይ የተጻፈውን የዋት ጣሪያ አትለፉ። ወረቀት፣ ፎም፣ ላስቲክ፣ ማይላር፣ እነዚህ ሁሉ ከሚግል አምፖል መራቅ አለባቸው። መብራቱ ለአንድ ሰዓት ከበራ በኋላ እጃችሁን አንጸባራቂው ላይ አሳርፉ። ለብ ካለ ምንም አይደል። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ዛሬውኑ አርቁት። የብረት ቆብ ከሆነ የግራውንድ ሽቦ ያለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ምክንያቱም ውሃ፣ ብረትና ኤሌክትሪክ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ቁልቁል ወርዶ ይመለስ፣ እንዲህ ሲሆን በገመዱ የሚወርድ ውሃ ሶኬቱ ሳይደርስ ታች ይንጠባጠባል። አራቱንም ጎን ስትዘጉ ደግሞ አየሩን እንዳትዘጉ። ከሥርና ከላይ ጥቂት ጣት ክፍት ተዉ፣ ያለዚያ እርጥበቱ ቅጠሉ ላይ ሻጋታ ያመጣል።

ታዲያ ምን ልግዛ?

መስኮት ዳር ሁለት ማሰሮና አንድ አምፖል ያላችሁ፣ ሰፊውን ባለ ቆንጣጭ ቆብ ግዙ፣ ሌላ አትጨምሩ። ቱቦ ያላችሁ፣ የታጠፈ ላሜራ መጀመሪያ፣ ነጭ ጎን ቀጥሎ። የኤልኢዲ ሰሌዳ ያላችሁ፣ ከላይ ምንም አትግዙ። ፎም ወይም ካርቶን ላይ የተወጠረ 50 ማይክሮን ማይላር በአራቱም ጎን አቁሙ። ክፍል ሙሉ የምትጋርዱ፣ ነጭና ጥቁሩን ላስቲክ። ዝግጁ የተክል ድንኳን የገዛችሁ ደግሞ ውስጡ ቀድሞ አንጸባራቂ ስለሆነ ምንም አትጨምሩበት፣ ጥረጉት ብቻ።

ሁለት አማራጭ እኩል መስለው ከታዩአችሁ በቀላሉ የሚጸዳውን ውሰዱ። አቧራ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዓይን አይይዘውም። እኔ ሰላጣውን አንሥቼ አዲስ ዘር ከመዝራቴ በፊት ሰሌዳዎቹን አውጥቼ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች አንድ ጊዜ እጠርጋቸዋለሁ፣ ማይላሩን ሳልፈትግ፣ ውሃውን ብቻ እያስነካሁ። ከዚያ ትሪውን ግማሽ ዙር አዞረዋለሁ፣ በፊት ለውኃ ማጠጫ የምከፍተው ጎን የነበረው ጥግ በዚህኛው ዙር ከኋላ እንዲሆን። የፊት ለፊቱን ሰሌዳ መጨረሻ ላይ ነው የምመልሰው።